የአያት ስም

ጉንደ ወይን በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናና በሞጣ መካከል የምትገኝ፣ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ በግዕዝ ሲፈታ «የወይን ግንድ» ማለት ነው። ሀገሩ የጤፍ ሀገር ሲሆን፣ በስተ ሰሜን ዝቅ ሲሉ ምድሩ እየተሰነጣጠቀ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል።

በዚህ አገር ልጅ ከወላጁ ተለይቶ መሄዱ እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። ዲማን በመሳሰሉት የቅኔ ደብሮች ዙሪያ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከደጃፍ ደጃፍ ሲዞር የኖረው የቆሎ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ጠፍቶ የመጣ ነበር። አባቱ ፈልጎ እንዳይመልሰው የትውልድ ቀዬውን ይሸሽጋል። እናቱ ብታለቅስም በልቅሶዋ ውስጥ ተስፋ አለበት፤ ከዓመታት በኋላ መሪጌታ ሆኖ ይመለስ ይሆናልና። ስለዚህ ልማዱም፣ ተረቱም፣ ማጽናኛውም የተበጀው ለሚሄድ ልጅና ለምትቀር እናት ነው። እናት ሄዳ ልጅ ሲቀር የሚነገር ማጽናኛ ግን ሀገሩ ገና አላበጀም።

ከዚህ በታች የሚተረከው የአንድ ቤት ታሪክ ነው። የቤቱ ሰዎች ስም አይጠቀስም። ይሁን እንጂ ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የስም ታሪክ ነው።

*

ልጁ የተወለደው በ1985 ዓ.ም. ጳጉሜን 3 ቀን ነው። ዕለቱ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ነበር። በዚያን ቀን የሚዘንበው ዝናብ እንደ ጠበል ስለሚቈጠር፣ የመንደሩ ሕፃናት ልብሳቸውን አውልቀው በዝናብ ሲሯሯጡ እርሱ በጓዳ ውስጥ የመጀመሪያ ድምፁን አሰማ። እናቱ ያኔ የ17 ዓመት ልጃገረድ፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አባቱ ማን እንደ ሆነ ቤተሰቡ ያውቃል፤ ሰውየው ግን አላመነም፤ ጥቂት ወራት ቈይቶም ከአካባቢው ጠፋ።

የልጅቱ አባት ቁጡ ገበሬ ነበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ልጃቸውን ያባርሯታል ብሎ ጠብቆ ነበር። እርሳቸው ግን ሕፃኑ በአርባኛው ቀን ክርስትና ሲነሣ በግ አረዱ፤ ለመጣው ሰውም ጠላ ቀዱ። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ በቤታቸው ውስጥ ማንም እንዳያነሣ ከለከሉ። በ1993 ዓ.ም. ልጁን እጁን ይዘው ትምህርት ቤት ሲያስገቡት መዝጋቢው መምህር፣ «የአባት ስም?» ብሎ ጠየቃቸው። የራሳቸውን ስም ነገሩት። «የአያት ስም?» አላቸው። የአባታቸውን ስም ነገሩት። መዝጋቢውም ጻፈ።

በሀገራችን ሥርዓት ሰው የቤተሰብ መጠሪያ የለውም፤ ከራሱ ስም ቀጥሎ የአባቱ፣ ከዚያም የአያቱ ስም ይከተላል። በዚህ ምክንያት የልጁ ሁለተኛና ሦስተኛ ስም ከእናቱ ሁለተኛና ሦስተኛ ስም ጋር አንድ ሆነ። በመንደሩ ዘንድ የእርሷ ልጅ ነው፤ በመዝገቡ ዘንድ ግን ታናሽ ወንድሟ ነው። ሽማግሌው ይህን ያደረጉት ሊያታልሉ አልነበረም። ልጁ በጓደኞቹ ፊት «አባት የለህም» እንዳይባል ያላቸውን ነገር፣ ማለትም ስማቸውን አወረሱት። ያ ስም ከዓመታት በኋላ በሌላ ሀገር ቢሮ ጠረጴዛ ላይ እንደ ግድግዳ ይቆማል ብሎ በዚያን ቀን ማን ያስባል?

*

እናቲቱ ልጁ የ3 ዓመት ሕፃን ሳለ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ገባች። መጀመሪያ በሰው ቤት ተቀጥራ ሠራች፤ ቀጥሎም የልብስ ስፌት ተማረች። በዓመት አንድ ጊዜ ለፋሲካ ወይም ለጥምቀት ወደ ጉንደ ወይን ስትመጣ ለልጁ ጫማና ደብተር ይዛ ትመጣለች። ልጁ አያቱን «እምዬ» ይላቸዋል፤ እርሷን ደግሞ ታላላቆቹ እንደሚጠሯት «እታለም» ይላታል። እርሷም አላረመችውም።

በ1999 ዓ.ም. ከአሜሪካ ለዕረፍት ከመጣ አንድ የሀገሯ ሰው ጋር ተዋወቀች፤ ተጋቡም። ሰውየው የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ፣ ደግ ሰው ነበር። ሆኖም ልጅ እንዳላት አልነገረችውም። ዛሬ ነገ ስትል ቀኑ አለፈ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ «እስካሁን ለምን ሸሸግሽኝ?» የሚለው ጥያቄ ከነገሩ ከራሱ ይልቅ ከበዳት። የጉዞዋን ቅጽ ስትሞላ «ልጆች» የሚል ረድፍ ገጠማት። እስክሪብቶው ለአፍታ እዚያ ላይ ቆሞ አለፈ፤ ረድፉም ባዶ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. ሄደች።

ዋሽታለች ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን ውሸቱን የጀመረችው እርሷ አልነበረችም። አባቷ በፍቅር፣ መንደሩ በይሉኝታ፣ መዝጋቢው በልማድ ሲያጸኑት የኖሩት ነገር ነው። እርሷ የጨመረችበት አንድ ባዶ ረድፍ ብቻ ነው። ከሁሉም ይልቅ ዋጋ ያስከፈለው ግን ይኸው ባዶ ረድፍ ሆነ።

ልጁስ? እርሱ እውነቱን ያወቀው በ11 ዓመቱ፣ ከብት ሲጠብቅ ከአንድ እረኛ ጋር ተጣልቶ ነው። እረኛው በስድብ መካከል ነገረው። ማታ ወደ ቤት ሲገባ አያቱ እግሩን አጠቡት፤ ራቱን በላ፤ ምንም አልተናገረም። ማወቁን ማንም እንዳያውቅበት 10 ዓመት ያህል በሆዱ ያዘው። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ስልኩ ሲጮኽ፣ «እታለም፣ ደኅና ነሽ?» ይላል። «ደኅና ነኝ፣ ወንድሜ» ትለዋለች። ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር ሁለቱም ተጠንቅቀው ይሸሻሉ።

*

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሕጉን ያላወቀ የቤቱን ጣጣ ሊረዳ አይችልምና።

አሜሪካ ለሀገራችን ሰው በሯን ሰፋ አድርጋ የከፈተችው በቅርብ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው ሕግ ለየሀገሩ ኮታ ሲደለድል ለኢትዮጵያ የደረሳት በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ይህ የኮታ ሥርዓት የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በፈረሙት ሕግ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ዋናው መግቢያ የሥጋ ዝምድና ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሕግ ደግሞ ዝምድናን በየደረጃው ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ደረጃ የዓመት ልክ ቈረጠለት።

በዚህ አከፋፈል መሠረት የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ወላጅ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ ልጁን ያለ ወረፋ ሊወስድ ይችላል። 21 ዓመት ከሞላው በኋላ ግን ወረፋ ይይዛል። ላላገቡት ለዓለም ሕዝብ በጠቅላላ የተመደበው ቪዛ በዓመት 23,400 ነው። ላገቡትም እንዲሁ 23,400 ሆኖ፣ ከዚህ ውስጥ የትዳር ጓደኞቻቸውና ልጆቻቸው ጭምር ስለሚቈጠሩ የእነርሱ ወረፋ ከላጤዎቹ እጅግ የረዘመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሌላ ሕግ ለዜጋ ልጅ አንድ መልካም ነገር ጨምሯል፤ ይኸውም ማመልከቻው የገባበት ቀን ላይ ልጁ 21 ካልሞላው፣ ጉዳዩ የቱንም ያህል ቢጓተት ዕድሜው በዚያው ቀን እንደ ቆመ ይቈጠርለታል።

አማርኛ «ልጅ» የሚለውን ቃል ለስድስት ወሩም ለስድሳ ዓመቱም ሰው ይሰጣል። እናቱ በሕይወት እስካለች ድረስ ጢሙ የሸበተውም ሰው ልጅ ነው። ሕጉ ግን ቃሉን በ21ኛው ዓመት ላይ ቈርጦ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሰው ሌላ ስም ይሰጠዋል።

እናቲቱ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘችው በ2004 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ነበር። ልጁ ያኔ 18 ዓመቱ ነው። 21 እስኪሞላው፣ ማለትም እስከ 2006 ዓ.ም. ጳጉሜን 3 ቀን ድረስ 2 ዓመት ከ4 ወር ነበራት። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ማመልከቻ ብታስገባ ወረፋ የሚባል ነገር አይነካውም ነበር። አላስገባችም። በዚያን ጊዜ ትሠራ የነበረው በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው፤ ቀን ቀን የሰው እናት ታጥባለች፣ ታጐርሳለች፤ ማታ ማታ ለባሏ ልትነግረው እያሰበች ትተኛለች።

*

ዝምታውን የሰበረው ሞት ነው። ሽማግሌው በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዐረፉ። መርዶው በስልክ ሲደርሳት ጎረቤት ያሉ የሀገሯ ሰዎች ተሰብስበው አስተዛዘኗት። በሦስተኛው ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ ከባሏ ፊት ተቀምጣ፣ «ወንድሜ የምልህ ልጅ ልጄ ነው» አለችው። ስሙን ያከናነባት ሰው ሄዷልና ክንንቡም ከእርሱ ጋር የሄደ መሰላት።

ባልየው ሁለት ቀን አላናገራትም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለሥራ ሲወጣ በሩን እንደ ያዘ፣ «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ጠበቃ ፈልጎ ያገኘውም እርሱ ነው። የጠበቃው የመጀመሪያ ጥያቄም ይኸው ነበር፤ «ስንት ዓመቱ ነው?» ባለፈው ጳጉሜን 21 እንደ ሞላው ስትነግረው ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ማመልከቻው በ2007 ዓ.ም. የካቲት ወር ገባ። ከ21ኛው ልደት በኋላ 5 ወር ማለት ነው። ይህ የ5 ወር መዘግየት ስንት ዓመት እንደሚያስከፍል ያን ጊዜ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግራት አልቻለም። ጠበቃው የነገራት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ ቀድሞ ባዶ የተወችውን ረድፍ በፊርማዋ አብራርታ እውነቱን እንድትጽፍ፤ ሁለተኛው፣ ልጁ ልጇ መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ እንድታቀርብ ነው። የመጀመሪያውን በአንድ ሌሊት ጻፈችው። ሁለተኛው ግን በጉንደ ወይን ባሉት ሰዎች ትከሻ ላይ ወደቀ።

በ2007 ዓ.ም. በሀገራችን የልደት መዝገብ የሚባል ነገር ሥራ ላይ አልዋለም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ምዝገባ በዝርዝር ቢደነግግም፣ ድንጋጌው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይተገበር ተቀመጠ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በመላ ሀገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ ልጁ በእጁ ያለው ወረቀት የትምህርት ቤት መዝገብ ብቻ ነበር። ያም መዝገብ የእናቱ ወንድም ነው ይላል።

የቀረው መንገድ ችሎት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ሆነ ከእርሱ በኋላ የወጡት የቤተሰብ ሕጎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ እናትነት የሚታወቀው በመውለድ ብቻ ነው። ማን እንደ ወለደ የሚመሰክር ሰው ከተገኘ ፍርድ ቤቱ ይህንኑ ያረጋግጣል። ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር ደግሞ በዚያች ሌሊት እትብቱን የቈረጡት ሴት ናቸው፤ እነዚህም አያቱ ናቸው።

አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፍተው በዳኛው ፊት ቆሙ። ልጁ ከኋላቸው በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«እናቴ፣ ይህን ልጅ እርስዎ ወልደውታል?» ብሎ ዳኛው ጠየቃቸው።

«አሳድጌዋለሁ» አሉ።

«ማሳደግዎን ፍርድ ቤቱ ተረድቷል። ወልደውታል ወይ?»

ዝም አሉ። ጸሐፊው እጁን ወረቀቱ ላይ እንዳደረገ ጠበቀ። በ21 ዓመት ውስጥ በዚያ ቤት ያልተነገረው ነገር ልጁ ባለበት ሊነገር ሆነ።

«አልወለድኩትም» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ ነች የወለደችው። እኔ ተቀበልኩት።»

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ አልተነጋገሩም። ማታ እንጀራ አቅርበው ሳለ ልጁ እጁን ሳይሰድ ዘገየ። አሮጊቷ ቀና ብለው አዩትና፣ «ብላ እንጂ። የችሎቱ ቃል ለችሎት ነው» አሉት። ይህን ጊዜ ልጁ በ11 ዓመቱ የሰማውን፣ ለማንም ሳይናገር የኖረውን ነገራቸው። አሮጊቷ ረጅም ጊዜ አለቀሱ። ያለቀሱት ስለ ማወቁ አልነበረም፤ ብቻውን ስለ መሸከሙ ነው።

ከፍርዱ በኋላም ጣጣው አላለቀም። አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የልደት ማስረጃውን ወደ ፈረንጅ አቈጣጠር ሲለውጥ ከ1985 ላይ 7 ዓመት ብቻ ደምሮ 1992 ብሎ ጻፈው። በእኛና በፈረንጅ አቈጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7 ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ ድረስ 8 ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ቀን እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1993 ነበር። በዚያ ላይ የእነርሱ ቅጽ 12 ወር እንጂ 13ኛ ወር አያውቅም። ጳጉሜን የምትባል ወር መኖሯን፣ በእርሷም ሰው መወለዱን ለማስረዳት ሌላ ደብዳቤ፣ ለደብዳቤውም ሌላ ማኅተም፣ ለማኅተሙም ሌላ ሁለት ወር አስፈለገ።

*

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የጥበቃ ዘመን ነው።

ልጁ በደብረ ማርቆስ የመምህርነት ኮርስ አጠናቆ በሀገሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ ነበር። እዚያው ከምታስተምር አንዲት ወጣት ጋር ተዋደዱ። በ2011 ዓ.ም. ሽማግሌ ተልኮ፣ ጋብቻው ለጥር ወር ተቀጠረ። አሮጊቷ ጌሾና ብቅል ማዘጋጀት ጀምረው ነበር። እናቲቱ ይህን በስልክ ስትሰማ እልል አለች፤ በማግስቱ ግን ከጠበቃው ጋር ተነጋግራ ድምፅዋ ተለውጦ ደወለች። ልጁ ካገባ ከላጤዎቹ ወረፋ ወጥቶ ወደ ባለ ትዳሮቹ ይዛወራል፤ የዚያ ወረፋ ደግሞ ከ10 ዓመት የሚበልጥ ነው።

በዚህ ጊዜ መካሪ አልጠፋም። በከተማው ውስጥ «ፕሮሰስ አውቃለሁ» የሚል አንድ ሰው፣ «ሠርጉን በቤት ደግሱ፤ በወረቀት አትጻፉት፤ ማን ያያል?» ብሎ ነገራቸው። ምክሩ ለጆሮ የሚጥም ነበር። እጮኛዋም ለመስማማት ቀርባ ነበር። የተቃወሙት አሮጊቷ ናቸው። «አንድ ባዶ ረድፍ ስንት ዓመት እንደ በላ አይተናል» አሉ። «ያንን ዘግተን ሳንጨርስ ሌላ አንከፍትም። ወይ አግባ፣ እዚሁ ኑር፤ ወይ ቆይ፣ ላጤ ሆነህ ሂድ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አልሰጥህም።»

ልጁ ቈየ። የቈየው አሜሪካን ስለ ተመኘ ነው ማለት ታሪኩን ማሳነስ ይሆናል። የደመወዙ ነገር፣ የእርሻው ጥበት፣ የጓደኞቹ መሰደድ ሁሉ ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን ከሁሉ የበለጠበት ሌላ ነገር ነው፤ በወረቀት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የእናቱ ልጅ ተብሎ የተጻፈበት ቦታ ያ ማመልከቻ ብቻ ነበር። ማመልከቻውን መተው ያንን መልሶ መፋቅ መሰለው።

ወጣቷ መምህርት ሦስት ዓመት ጠበቀችው። በ2014 ዓ.ም. ወላጆቿ ለብቸና ሰው ዳሯት። ልጁ በዚያን ቀን ትምህርት ቤት ገብቶ እስከ ማታ የተማሪ ደብተር ሲያርም ዋለ።

*

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ በነበረው ግጭት ምሥራቅ ጎጃም ክፉኛ ተመታ፤ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ሲዘጉ ሰነበቱ። የልጁ ተራ የደረሰው እንግዲህ በዚህ ጊዜ፣ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ነው። 9 ዓመት የተጠበቀው ደብዳቤ በኢንተርኔት ወጣ፤ ጉንደ ወይን ግን ኢንተርኔት አልነበረም። እናቲቱ ሜሪላንድ ላይ ሆና አነበበችው፤ ድምፅ ብቻ በሚሠራ ስልክ፣ መስመሩ በተገኘ ቀን፣ ፊደል በፊደል ነገረችው።

ልጁ መንገድ ተከፈተ በተባለ ሳምንት በሌሊት ተነሣ። በጭነት መኪና፣ በእግር፣ ደግሞም በአውቶቡስ ደጀን ደረሰ፤ የዓባይን በረሃ ተሻገረ፤ አዲስ አበባ ሲገባ አራተኛ ቀኑ ነበር። አሻራ ሰጠ፤ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት አወጣ፤ ሳንባው በራጅ ታየ። እናቲቱም በበኩሏ ገቢዋ በሀገሩ ሕግ ከተቈረጠው የድህነት ወለል በ25 በመቶ መብለጡን በግብር ወረቀት አሳየች። በነሐሴ ወር ለቃለ መጠይቅ ቀረበ።

ጠያቂዋ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠች። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ወንድም ይላል፤ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ልጅ ይላል። «ከሁለቱ የትኛው ነህ?» አለችው በአስተርጓሚ። «ሁለቱንም ሆኜ አድጌአለሁ፤ የወለደችኝ ግን እርሷ ናት» አለ። ጠያቂዋ የዘር ምርመራ እንዲደረግ አዘዘች። እርሱ በአዲስ አበባ፣ እናቱ በሜሪላንድ የጉንጫቸው ውስጥ በጥጥ ተጠርጎ ተወሰደ። ልጅ ከዘሩ ግማሹን ከእናቱ ይወስዳል፤ በእናትና ልጅ መካከል ያለው ድርሻም ከእኅትና ወንድም በተለየ አኳኋን ይታያል። ውጤቱ በሳምንታት ውስጥ መጣ። ሦስት ምስክር፣ አንድ ዳኛ፣ አራት ማኅተም ሲከራከሩበት የኖሩትን ነገር ጥቂት ምራቅ ደመደመው።

*

ልጁ በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ሄደ። ዕድሜው 31 ነበር። ከመሄዱ በፊት አያቱን ለመሰናበት ወደ ጉንደ ወይን ለመመለስ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ተዘጋበት። ስለዚህ የተሰናበቱት በስልክ ነው። አሮጊቷ የሰጡት አደራ አጭር ነበር፤ «ስትደርስ አትቈጣት። እኔ እያለሁ ያላለቀሰችውን ሁሉ ታለቅስልሃለች፤ ታገሣት።»

ወላጅ ልጁን ወደ እርሱ ለማምጣት ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያየው የቅጹን ብዛት፣ የጠበቃውን ክፍያና የወረፋውን ርዝመት ነው። እነዚህ በእውነት ከባድ ናቸው። ነገር ግን ቅጽ የሚጠይቀው ሰው በልቡ ሊመልሰው የሚገባውን ጥያቄ ነው፤ ማንን ወለድህ? መቼ? ለምን እስካሁን አልተናገርህም? ይህን በጊዜው የመለሰ ሰው ለወረቀቱ መልስ አያጣም። ዛሬም በብዙ የሀገራችን ቤቶች ውስጥ በአያት ስም የሚጠሩ፣ እናታቸውን እኅት የሚሉ ልጆች አሉ። ስሙን ያወረሳቸው ሽማግሌ ደግ ነው፤ ደግነቱም አይካድም። ሆኖም ከደግነቱ ጎን እውነቱ በአንድ ወረቀት ላይ ቢጻፍ፣ በአንድ ቀን ምሽትም ለልጁ ቢነገረው፣ ደግነቱ አይቀንስም። መምህራን የመዝገቡን ረድፍ ሲሞሉ፣ የቀበሌ ሠራተኞችም ልደት ሲመዘግቡ፣ ያ ረድፍ ከ20 ዓመት በኋላ የማን ዕድሜ እንደሚሆን ቢያስቡ መልካም ነው።

ልጁ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ወደ ጉንደ ወይን ደወለ። መስመሩ ተገኝቶ ስለ ነበር አሮጊቷ ድምፁን ጥርት አድርገው ሰሙት። ብርዱን ነገራቸው፤ የእንጀራ አባቱ ካፖርት እንደ ገዛለት ነገራቸው። አሮጊቷ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ምን ብለህ ጠራሃት?»

ዝም አለ። ከበስተኋላው የሴት ድምፅና የሳሕን ኳኳታ ይሰማል።

«ገና አልጠራኋትም፣ እምዬ» አለ።

«ይሁን» አሉት። «አትቸኩል። ግን ሳትጠራት ብዙ አትክረም።»